ማጅራቱ

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
ከጎሚስታው አጠገብ ተቀምጬ፣ በካውያና በሊድ የማድር
እኔ ነኝ።
የሞተ ኤልኢዲ በፌስታል ያመጡልኛል ከኮንዶሚኒየም፤
ነጩን ቆብ ፈልቅቄ አያለሁ፤ ሁሉም አልሞቱም።
ከአሥራ ሁለት ፍሬ አንዷ ናት፣ ቁንዶ በርበሬ መስላ የከሰለች፣
ባንድ መስመር የታሰሩትን ሁሉ ይዛ የጨለመች።
በእሷ ላይ ድልድይ እበይዳለሁ፤ ይበራል፣ በጥቂቱ ፈዞ፣
ጥርሱ እንደ ወለቀ ልጅ ይስቃል፣ አንድ ክፍተት ይዞ።

ደንበኛ ይቆጣል፦ «ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሃያ አምስት ሺህ ሰዓት!»
ካርቶን ምን ያውቃል? ሞቱ የሚመጣው ከኋላ ነው፣ ከማጅራት።
ብርሃኑ ወደ ፊት ሲሄድ ሙቀቱ ወደ ጀርባ ይሸሻል፤
አሉሚኒየሙን አሳስተው ሠርተውታል፣ ወዴት ይደርሳል?
በዚያ ላይ በመስታወት ግሎብ ዘግተው ጣሪያ ላይ ይሰቅሉታል፤
ፊቱን ብቻ አይተው፣ «ይሄ እኮ አይግልም» ይሉታል፤
ማጅራቱ እየነደደ።

እትዬ ይመኙሻል የመጡ ለታ ግን አምፖሉ ደህና ነበር፤
በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ሌላ ነገር፦
ሦስት ድርቅ ያሉ ጫጩቶች፣ ቢጫ፣ ሳምንት ያልሞላቸው።
ልጃቸው ናሁሰናይ ነው፣ «ካርዱ ቶሎ ቶሎ አለቀ» ብሎ፣
ስልሳውን ነቅሎ በዘጠኝ ዋት የተካው፣ በስልኩ አስልቶ፣ አብሰልስሎ።
«እንደ ቀን በራ» አሉኝ፤ «እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።
ጠዋት ግን እዚያው ብርሃን ውስጥ፣ ተደራርበው አገኘሁ።»

እኔ ስለ ብክነት ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፦
ከስልሳው ዋት ብርሃን የሚሆነው ቅንጣት ነው፣ የቀረው ከንቱ፣ ትኩሳት ብቻ።
ያን ቀን አፌ ተያዘ።
ለካ ያ ከንቱ ያልኩት ትርፍ ነበር፣ ክንፍ የሆናቸው።

ከሣጥኔ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ አምፖል ነበረኝ፣
ሽቦው ያልተበጠሰ። ሰጠኋቸው። «ስንት ነው?» አሉኝ።
«የተረፉት ሲያድጉ አንድ እንቁላል።»
«ሁሉም ወንድ ቢሆኑስ?»
ሳቅን፤ ነጠላው ግን እንደተቋጠረ ነበር።

አሁን ማታ ዕቃዬን ስሰበስብ ብሎኩን ቀና ብዬ አያለሁ፤
ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ መስኮት፤ ምድር ቤት አንድ ብርቱካን እቆጥራለሁ።
ካርዳቸው ቶሎ ያልቃል። ናሁሰናይ ያጉረመርማል።
እኔም የራሴን ዘጠኝ ዋት ሳላጠፋ እጄን አስጠጋለሁ፤
ፊቱ ምንም አይል።
ማጅራቱ ግን ይፋጃል፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ።
ኅዳር ነው።
ሁለት ጣት ያሞቃል።