ልጓም

ሰርዲኒያ፥ ቦዛ፤ ክሊኒኩ ጠባብ ነው።
ነርሷ ክንዴን ይዛ ደም ሥሬን ስታየው፣
«ጥናት ነው» አለችኝ፥ «የዘር ነው ምርመራ።
ቦናሪያ፥ ከቤት ችኩል ማነው? ንገሪኝ በተራ።»

አባቴ ወይራውን በአንድ ሌሊት ሸጠ፣
ላላየው መርከብም ቀብዱን ቆጥሮ ሰጠ፤
በኅዳር ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ ተነስቶ፣
ሾርባው ሳይበርድ ወጣ፥ ማንኪያውን ትቶ።
አልተመለሰም።

ባኪዚዮ ወንድሜ ቁርጥ አባቱን ወጣ፤
መጋቢት ሲጠባ እንቅልፉን እያጣ፣
ሁለት ሞተር ገዝቶ፥ ቤቱን ቢጫ ቀብቶ፣
ያቅፈኛል ሲነጋ ዓለሙን ረትቶ።
ከዚያ ይጨልማል።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ድንገት ብድግ አለ።
ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ነው፤ ዓይኑ የት እንዳለ
እኔ ነኝ የማውቀው። አልጮህኩም።
«መሞት አምሮህ ነው ወይ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ።
«ና፤ ይህን ባቄላ ቁጭ በልና ፈልፍልልኝ።»

ፈለፈለ። አለቀሰ። ሐኪም ደወልኩለት።
ቅርጫቱ ሳይሞላ ያቺ ደቂቃ አለፈችለት።

ነርሷ ብልቃጡ ላይ ቁጥር ለጥፋበት፣
«ውጤቱ ይቆያል» አለች። ይቆይበት።
«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። ይሳብ፥ ግዴለም።
ጓዳዬ ባቄላ ነው፤
ፈልፍሎ የሚጨርሰው የለም።