አላጠፋሁም

የካ አባዶ፣ ከብሎኩ ሥር፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን፣
ሁለት በሦስት የሆነች ቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ፤
በሯ ላይ በቀይ ቀለም፦ «ሞባይል እንጠግናለን፣
የተቆለፈ እንከፍታለን፣ ያለውን እናጠፋለን።»

እንጀራዬ ማጥፋት ነው።
የቀድሞ ወዳጅ መልእክት፣ የአራጣ አበዳሪ ዛቻ፣
የሟች ድምፅ ሳይቀር አጥፍቻለሁ፤ ሂሳቤን ልቀበል ብቻ፤
ምን ነበር ብዬ አልጠይቅም፣ ባለስልኩም አይነግረኝ፤
ሲመሽ መዝጊያዬን ስቤ፣ የሰው ምስጢር አይከተለኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ ዝናቡ ጣራዬን ሲነርተው፣
ወይዘሮ አስካለ ገቡ፣ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉት፤
ስልክ በፌስታል ጠቅልለው። ከኋላቸው ሲፈን፣
አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ የደንብ ልብሷ ርሶ፣ ጫማዋን እያየች።
«አጥፋልኝ» አሉ፤ «አንድም እንዳይቀር።
አባቷ ቅዳሜ ከመስክ ይመጣል። ስንት ነው?»

ስከፍተው ጮኸ።
መልእክቱ ከላይ ወረደ፤ ሳልፈልገው አነበብኩት።
ስሙ የሴት ልጅ፣ ሥዕሉ አበባ፣ አነጋገሩ የጎልማሳ፦
«ዛሬ ካላክሽልኝ፣ ያለፈውን ለትምህርት ቤትሽ…»
ቀሪውን አልጽፈውም። ግጥም ሁሉን አይሸከምም።
ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። አነሳሁት።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ አይደል?» አለች ልጅቷ።
ስልኩን መስሎኝ፦ «ኧረ ምንም አልጠፋም» አልኳት፤
ቀና ስል ዓይኗን አየሁት፤
የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

እናትየው፦ «ገመናዬን ነው የምታየው።»
«የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ፤ ገመናው የዚያ ሰውዬ ነው፣
አበባ ለብሶ የተቀመጠው።
ይህን ካጠፋን ዱካውን ነው የምናጥብለት፤
ነገ ሌላ ልጅ አለች፣ ሌላ ብሎክ፣ ሌላ ቤት።»

አልመለስንለትም። ስድቡ ምላሴ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት፤
ደንግጦ ስሙን እንዳይቀይር።
ለማንም አላሳየሁም፣ ለወንድሜም «እስቲ እይ» ብዬ፤
የልጅ ምስል ከእጅ እጅ ሲያልፍ፣ በደሉ እንደ አዲስ ይጀምራል።
የባትሪ ካርቶን ቀድጄ መለያ ስሙን ከነነጥቡ፣
ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ በእኛ ሦስት ከሃያ፣
በስልኩ ዘጠኝ ከሃያ፤ ሁለቱንም፣
ኋላ በስድስት ሰዓት ልዩነት ሰውየው እንዳያመልጥ።

ባጃጁ «ጣቢያ» ስንለው በመስታወቱ አየን፤
«ምን ሠርታችሁ ነው?»
ማንም አልመለሰለት። ጭቃው ብቻ ይረጭ ነበር።

በሩ ላይ ጠባቂው፦ «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለን።
መንገዱን ሁሉ ዝም ያሉት ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው፦
«የመጣው እኮ ስልኩ ነው፤ እኛ አጃቢ ነን።»

የመጀመሪያው ጠረጴዛ፦ «ከሰፈር ሽማግሌ ጋር ብትነጋገሩስ?»
«ሰፈር የለውም» አልኩት፤ «ሽማግሌው የት ሄዶ ያገኘዋል?»
እስክሪብቶውን አሽከረከረ፣ አሰበ፣
ከዚያ ሦስተኛውን በር በአገጩ አሳየን፤
የሴቶችና ሕፃናት።

ሳጅን ወይንሸት በሩን ዘጋች።
ወንበሯን ለልጅቷ ሰጥታ፣ ራሷ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች፣
ከሷ ዝቅ እንድትል።
ካርቶኔን አነበበች፤ «ሰዓቱን ማን ጻፈው?» አለች፤ «ጥሩ ነው።»
ስልኩን በፖስታ አሸገች፤ ሦስታችንም ፈረምን፤
ሲፈን ፊርማ ስለሌላት ስሟን በሙሉ ጻፈች፣
እንደ ፈተና ወረቀት፣ ከነክፍሏ፣ ከነተራ ቁጥሯ።
ደግሞም ጠየቀች፣ ያንኑ፦ «አጥፍቻለሁ?»
«አላጠፋሽም» አለች ሳጅኗ፤ «አላጠፋሽውምም።
ሁለቱንም ጽፌዋለሁ።»

ይኸው አምስተኛ ሳምንት። መዝገቡ ቁጥር አለው፤
መሳቢያዬ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ከላይ ገና መልስ የለም።
ወይዘሮ አስካለ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፤
ለአባትየውም እኔ ሳልኖር ነገሩት፤ ምን እንዳለ አላውቅም።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሲፈን ቆመች፤
ቻርጀር ዋጋ ጠየቀችኝ፤ ባለቀጭኑን፣ ለዚያ ስልክ።
«ስልኩ እኮ ፖስታ ውስጥ ነው» አልኳት።
«አውቃለሁ» አለች፣ ሳንቲሟን እየቆጠረች፤
«ሲመለስ ባትሪው ያልቅ ይሆናል ብዬ ነው።»