ሰዓት እላፊ

ቁልፏ እኔ ጋ ናት፤
ክንድ የምታህል ብረት፣ አንድ ጥርሷ የጎደለ፣
የዝገቷ ሽታ እስካሁን ከኪሴ ውስጥ ያለ።
የምትከፍተው በር የላትም፤
ጊዜን ነበር የምትሞላ፣
ስምንት ቀን ሙሉ እንዲሄድ፣ ሳይል ወደ ኋላ።

ግንቡን ጣልያን አሠራው፤ ይኼን ማን ይክዳል፤
ድንጋዩ ግን ከአንገረብ ዳር ተፈልጦ ወጥቷል፤
ኖራውን ያቦኩትም የአዘዞ ልጆች ናቸው፣
ስማቸው አልተጻፈም፤ እጃቸው ነው ስማቸው።
ሰዓቱ ከባሕር ማዶ፣ ፊቱ በጭድ ተሸፍኖ፣
ሊማሊሞን ወጣው በካሚዮን ተጭኖ።

የተሰቀለ ዕለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣
አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ፒያሳው ሰማ።
ገበያተኛው ዕቃውን ጠቀለለ፣
«አሥራ ሁለት ሆነ! መሸ!» እያለ፤
ቀና ሲል ፀሐይ፤ ጥላው ከእግሩ ሥር፤
ሁለት ቀን ሙሉ ሲስቅ ነበር።

መሪጌታ ሣህሉ ግን አልሳቁም።
ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣
ተረከዝ ከጣት አጋጥመው፣
ጥላቸውን ለኩ፤ አንድ ጫማ አልሞላም።
«ስድስት ነው» አሉ። «ይኼ ብረት ከኛ ስድስት ሰዓት ተበደረ፤
መክፈሉ ግን አይቀርለትም፣ ዋለ አደረ።»

ጣልያን ሲሄድ፣ አንዱ «ይፍረስ» አለ፤ አንዱ «ይቅር» አለ፤
አጎቴ ስንሻው ግን መሰላል ተከለ።
ትልቁን ዘንግ ይዞ፣ በጉልበቱ አዙሮ፣
ስድስቱን መለሰ፣ አንድ በአንድ ቆጥሮ።
«በቃ፣ ዕዳው ተከፈለ» ብሎ ወረደ፤
ከዚያ ቀን ወዲህ ግንቡ በኛ ቀን ሄደ።

ክረምት ክረምት ግን ሰባት ደቂቃ ይዘገያል፤
ዘይቱ በብርዱ እንደ ማር ይረጋል።
የአውቶቡስ ሹፌሮች አመሉን ስለሚያውቁ፣
በግንቡ ሰዓት ነበር ሰው የሚጠብቁ።
በዚያች ሰባት ደቂቃ እናቴ ሻንጣዋን አወረደች፤
አሥመራ ልትሄድ ነበር፤ ቀረች። እኔን ወለደች።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ፤
በር ሲንኳኳ እናቶች መልክ የሚያጡበት፣
ከምሽቱ ሦስት በኋላ ጥላም የማይሄድበት።

ቅዳሜ ነበር። የመሙያው ቀን። ዝናብ።
ሞላው አስቸገረው፤ ጥርስ ከጥርስ አልገጥም አለ፣
እሱ እላይ እንዳለ ሰዓቱ ሦስትን ደወለ።
ሲወርድ፣ ከደረጃው ሥር ባትሪ አበሩበት፤
«ስንት ሰዓት ነው አሁን?» አሉት።
ለከተማው ሁሉ ሰዓት ሲሞላ የኖረው፣ ሰዓት አሳለፈ ተብሎ
ተወሰደ፤ ቁልፏን በጨለማው ወደ ቦዩ ጥሎ።

ስምንት ቀን ሄደ ሰዓቱ፣ ያለ እሱ፣ ብቻውን፤
በስምንተኛው፣ ለአሥር ሃያ ጉዳይ ሲል፣ አጠፋ ድምፁን።
አጎቴ አልተመለሰም።
የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤
ይኼኔ ከፊቴ ተቀምጦ ሰዓቱን ያሠራል።

እኔማ ከግንቡ ሥር ባትሪ እቀይራለሁ፤
የቻይና ሰዓት ሆድ በጥፍሬ እከፍታለሁ።
ባለፈው ወር ከማዘጋጃ ቤት መጡ፣ ወረቀት ይዘው፤
«በኤሌክትሪክ ልናደርገው ነው፤ ቁልፉ የታለ?» ብለው።
ወዲያው እርስ በርስ ተያያዙ፤
አንዱ «በፈረንጅ ይሁን፣ ቱሪስት እንዳይደናገር»፣
ሌላው «በሐበሻ! ተመልሰን ልንበደር?»

እኔ «ጠፍቷል» አልኩ።

እነሱ ሲከራከሩ ጥላው አስፋልቱን ተሻገረ፤
ሊስትሮው ሳጥኑን አንሥቶ፣ በጥላው ልክ ዞረ።
የዳቦ ቤቱን ደፍ ሲነካ ጥሩዬ ሁለተኛውን ሊጥ ታቦካለች፤
ከልብስ ሰፊው መኪና ሲደርስ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ይነሣል።
ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ሁሉም ያውቃል።
መሪጌታ በእግራቸው የለኩትን
ግንቡ ጫማውን አውልቆ ይለካል።

አንዳንድ ቅዳሜ፣ ሲመሽ፣ ደረጃውን እወጣለሁ፤
ቁልፏን ከቀዳዳዋ አስገባለሁ፣
አላዞርም። እቆያለሁ።
ከታች ባትሪ የሚያበራ የለም፤ አውቃለሁ፣ ዘመኑ ሌላ ነው፤
ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ግን
ሮጬ ነው የምወርደው።