ሒሳብ

ሐይቅ። ሰባተኛ ክፍል። የሰኔ ፈተና።
ከይመር ወረቀት ሒሳብ ኮረጅኩና፣
መልሳችን አንድ ሆኖ፣ ስሕተታችን ጭምር፣
«ማን ከማን?» አሉና ጠየቁን መምህር።
የኔ ሸሚዝ ጽዱ፤ የሱ ደብተር ዓሣ፣
ዓሣ ይሸት ነበር። ሳይጠሩት ተነሣ።
«እኔ ነኝ» ማለቱ ከጥርሴ ሳይወጣ
ክረምቱም አለፈ፤ ይመርም አልመጣ።

አምና ባጃጅ ይዤ ከመናኸሪያው በር፣
ስወርድ «ሒሳብ?» ብለው፣ ዞር ቢል፣ ራሱ ይመር።
«ተወው» አለኝ ሥቆ። ብሩ እጄ ላይ ቀረ፤
እስከ ዛሬ ድረስ አልተዘረዘረ።

ዛሬ መምህር ነኝ። ሁለት ወረቀቶች፣
አንድ ዓይነት ስሕተት፤ ሁለት ዝምተኛ ልጆች።
ቀዩን እስክሪብቶ ከደንኩት።
ቀድሞ ዓይኔ ያረፈው
ጽዱው ሸሚዝ ላይ ነው።