ክንድ ያህል

የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ የሻከረች ጣቴ
በወር አንድ ቀን ታርፋለች፤ ዛሬ ናት ዕረፍቴ።
በብስኩት ጣሳ ያጠራቀምኩትን ሳንቲም ቆጠርኩት፣
ሁለት መቶ ባት ሞላ፤ በመሐረብ ቋጠርኩት።

ጎህ ሳይቀድ ቶንቡሪ ጣቢያ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ
«ፔቻቡሪ፣ ሦስተኛ ማዕረግ» አልኩት ደግሜ።
ልጁ ዋጋውን ሲነግረኝ የተሳሳተ መሰለኝ፤
«ይኸው ነው እማማ» አለኝ።
ሠላሳ አንድ ባት!
ያውም ከነወንበሩ፣ ያውም ከነመስኮት።
ከአንድ ጎድጓዳ ሾርባ ያነሰ፤
ይሄ ነው ወይ ሶምኑክ፣ ዕድሜ ልክ ያልተደረሰ?

ሃያ ስድስት ዓመት «ገንዘብ ስናገኝ» ስንል፣
ጣሪያው ሲያፈስ፣ የልጅቷ ትምህርት ሲከፈል፣
መንገዱን ያራቀው ብር አልነበረም፤
ዋጋውን ማናችንም አልጠየቅንም።

ባቡሩ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ እያለ ሄደ፤
ማራገቢያው ሙቀቱን አማሰለው እንጂ አላበረደ።
አንዷ የተጠበሰ ዶሮ፣ አንዷ ሩዝ በሙዝ ቅጠል፣
አንዱ በላስቲክ ከረጢት የበረዶ ሻይ ሲያንጠለጥል፣
እኔ ከቤት የያዝኩትን እንቁላል በጨው በላሁ፤
ከሩዝ ማሳው መሐል ዘምባባ ሲሮጥ አየሁ።
አንድ ምልምል ወታደር ትከሻዬ ላይ ተኛ፤
አልቀሰቀስኩትም፤ ሕልሙም ይሁን መንገደኛ።

ፔቻቡሪ ዝምተኛ ናት፤ ቀትር ላይ ውሾቿ
ጥላ ሥር ተዘርግተዋል፣ እንዳልተጨመቁ ልብሶቿ።
ባለ ሞተሩ «ስልሳ ባት» አለኝ።
እግሬን አየሁት፤
«አንተ አለህ» አልኩት።
የኮረብታውን ቤተ መንግሥት ከታች ሆኜ አየሁት፤
መግቢያው ይከፈላል፤ ማየት ግን አይከፈልበት።
ገበያው ጥግ ላይ ሩዝ አለ፣
በአበባ ውሃ የራሰ፣ በረዶ የተንሳፈፈበት፣
ሃያ አምስት ባት።
ቅንጦት ነው፤ አውቃለሁ።
ሳህኑን አንስቼ ውሃውንም ጠጣሁ።

ከዚያ ወደ አሮጌው አዳራሽ፣ ጫማዬን አውልቄ፣
ወለሉ ሲንቋቋ በራሴ ክብደት ተሳቅቄ።
አንተ የአናጢ ተላላኪ ሳለህ፣ ጢምህ ሳያቀመቅም፣
እዚህ በር ላይ ያየኸውን ሳትነግረኝ አልቀረህም።
የበርማ ወታደር፣ ይባላል፣ በመጥረቢያ የመታው፤
መጀመሪያ ስትነግረኝ በሁለት ስንዝር ነው የለካኸው፤
ልጅቷ ስትወለድ ክንድ ሆነ፣
በእንግዳ ፊት ክንድ ተኩል፣
ቢራ ስትቀምስማ በሩን ሊያክል!

አገኘሁት።
መዳፌን ለጠፍኩበት።
ሸፈነው።
ሶምኑክ፣ መዳፌ ሸፈነው!

ሳቄ አመለጠኝ፣ ጣሪያው መለሰው፤
ጠራጊው ሽማግሌ መጥረጊያውን አቁሞ
«ምን አገኘሽ?» አለኝ፣ ፊቱ ተኮሳትሮ።
«ምንም፤ ባሌ አናጢ ነበር።
አናጢ ልክ አይስትም ብዬ ነበር።»
ሽማግሌው ጠባሳውን አየ፣ እኔን አየ፤
ምንም አላለም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ መጥረጉን ቀጠለ።

ጣቴን ወደ ስንጥቁ ሰደድኩ። ጠርዙ ልሷል፣
እንደ ቆየ ሳሙና።
የስንት ሰው ጣት ነው ያለዘበው?
የወጣትነት ጣትህ፣ ሳላውቅህ በፊት፣
እዚህ አልፏልና
ፀሐይ ከደፉ እስክትወርድ ድረስ
እጄን አላነሳሁም።

የመልሱ ባቡር ዘገየ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ።
ማን ቸኮለ?
ለማሊዋን የዘምባባ ስኳር ኩስታርድ ገዛሁ፤
በመሐረቡ ጥግ ሰባ ስምንት ባት ቀረ።

ማታ ማሊዋን ኩስታርዱን በማንኪያ እየቆረሰች
«አየሽው? ምን ያህላል?» ብላ ጠየቀች።
መዳፌን ላሳያት ነበር፤ እውነቱን፣ ልኩን።
እጆቼ ግን ተለያዩ፣
ተራራቁ፣
አንዱ ግድግዳውን እስኪነካ፣
ሌላው ፋኖሱን ሊጥል ምንም እስካይቀረው ድረስ።