የቦቴው ጨው

ሁለት ቀን ጾመዋል የኩሬው ቆሮሶች፣
ስግድ ገና ሳይደርስ፣ ያለ ቀኑ ጿሚዎች።
ጠግቦ የተጫነ ውሃውን ያቆሽሻል፣
የቆሸሸው ውሃ መልሶ ያንቀዋል፤
ይህን ያስተማረኝ ሾፌሩ አስማረ ነው፣
ከቤት ሸአን ረምላ ዓሣ ያመላለሰው
ሃያ ዓመት በሌሊት።

ነሐሴ ነው፤ ጨለማው ራሱ ያልበዋል።
መረቡ ሲሰበሰብ ኩሬው ድንገት ይፈላል፤
ጩኸት የለም፣ ጅራት ብቻ፣ ጅራት በጅራት ላይ።
ኑሪት በባትሪዋ ታበራለች ከላይ፦
«ቀስ! ቅርፊቱ እንዳይላጥ!
የተላጠ ዓሣ ዛሬ አይሞትም፤
ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፣ በሰው ገንዳ፣ በኛ ስም።»

አስማረ ጨው መዘነ፣
እንደ ባለ መድኃኒት ሚዛኑን አይቶ፣ በጣሳ በጣሳ በተነ።
«ሲደነግጡ» አለኝ፣ «ጨው ከደማቸው ይሸሻል፤
ውሃው ጨው ካለው ግን ሽሽቱ ይቀንሳል።»
«አንቺ ጨው፣ ለራስሽ ስትዪ ጣፍጪ» ይል ነበር አባቴ፤
ይቺኛዋ ግን ለባዳ ፍርሃት ትሟሟለች፣ በእኛ ቦቴ።

አፉላን አለፍን። ዋዲ ዓራ ላይ ግን መንገዱ ታነቀ፤
አንድ ከባድ መኪና ተገልብጦ መስታወቱ አስፋልት ላይ ደቀቀ።
የኦክስጅኑ መርፌ ወደ ግራ ዘመመ።
አስማረ ወረደ፤ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ፣
የታመመ ልጅ ትንፋሽ በበር እንደሚያዳምጥ አባት።
«ምን ይሰማል?»
«ምንም።»
«ደግ ነው?»
«ወይ ተረጋግተዋል፣ ወይ ደክመዋል።
ብረት ይህን አይለይም።»

ክዳኑን ከፈተ፦
ውሃው ላይ ሺህ ክብ አፍ፣ ሺህ ቃል የሌለው ልመና።
ሁለተኛውን ሲሊንደር አዞረ። ጠበቀ። አፎቹ አንድ በአንድ ሰመጡና
ውሃው ተከደነ።

ረምላ ስንደርስ ነግቷል። ገዢው ሰዓቱን ያያል፤
አስማረ የገንዳውን ውሃ በቱቦ፣ ቀስ እያለ፣ ከቦቴው ይቀላቅላል፣
ልዩነቱን እንዲለምዱት። ግማሽ ሰዓት።
ከዚያ ተቆጠረ፦ የሞቱ፣ አሥራ አንድ። የቀሩት
«ሕያው» በሚለው ዓምድ ተጻፉ።
ዋዲ ዓራ ላይ ስለተከፈተው አፍ ዓምድ የለም።

ከገበያው በር ቡሬካስ ገዝቼ ለአስማረ ዘረጋሁለት።
ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።
«ስንመለስ» አለ፤ «መንገድ ላይ ሆዴ እሺ አይለኝም።»
እጁ መሪው ላይ ነበር፣ ነጭ፣ ጨው የደረቀበት።