ቁጥር አራት

ከፍልውሃ በታች፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣
አዲስ ቆርቆሮ አጥር ዙሪያውን ሲያቅፍ፣
ከመሃል አንድ ቤት፣ ጀርባው የጎበጠ፣
የኖራ ነጠላው በዝናብ ያበጠ።

ሜትር ይዤ መጣሁ፣ ቅጽ ይዤ፣ እርሳስ፣
ከክፍለ ከተማ፣ ልለካው ሳይፈርስ።

ቅጹ ይጠይቃል፦
ርዝመት። ወርድ። የግድግዳ ውፍረት።
የሠሪው ስም፣ ከታወቀ።
ይዞታው፦ ደህና፣ መካከለኛ፣ የወደቀ።

ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ፎጣ ያጠፉበት፣ ሳሙና የቆረሱበት፣
ቁልፉን ከመቀነት ፈተው አወጡልኝ።
«ሠሪው ማን ነው?» አልኳቸው።
«ካንጂ ነው የሚሉት። ሚስትሪ ካንጂ፣ ሕንዱ።
ከባሕር ማዶ፣ ከጨው ምድር የመጣ።
ያራዳን ብርድ ቀምሶ፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ፣
‹እዚህ አገር ሰው እንዴት ይታጠባል?› ብሎ ነው አሉ የጀመረው።
እኔ ምን አውቃለሁ። የነገሩኝን ነው።»

በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሹምም ይሁን ሎሌ
ጎንበስ ብሎ ይግባ።
ቅስቱ ጫፉ ላይ ይሾላል፣ እንደ ሽንኩርት አናት፤
ቅስቱ የባሕር ማዶ፣ ድንጋዩ የእንጦጦ።
ክፍሉ ሦስት ነው፦
ልብስ የሚወልቅበት ቀዝቃዛው፣
ቀጥሎ ለብ ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ሙቁ፤
ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አልኩ በልቤ፤
እዚህ ግን መቅደሱ ድረስ
ሁሉም ራቁቱን ይገባል።

እርሳሴ አመለጠኝ። ሜዳ በመሰለኝ ወለል ላይ
ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣
ሄዶ ፍሳሹ አፍ ላይ ቆመ።
ያን ቁልቁለት ዓይኔ አላየውም ነበር።

ጉልላቱ ስምንት ኮከብ ተቀዶለታል፤
በየኮከቡ ላይ የጠርሙስ ቂጥ በኖራ ተሰክቶ
ብርሃኑ ይወርዳል
ቀጥኖ፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ።
ቆጠርኩ። ሰባት።
እንደገና ቆጠርኩ። ሰባት።
በስምንተኛው ላይ የዘይት ቆርቆሮ ተመትቷል።

«እሷን የደፈንኳት እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳያፍሩ።
«ጠርሙሷ ወድቆ ተሰብሮ ነበር። ማንም ግድ አልነበረው፣
ያ ፎቅ ማዶ ተሠርቶ፣ ሰባተኛው ላይ መስኮት እስኪወጣለት።
ሐሙስ የሴት ቀን ነው፤ ሴቶቹ አጉረመረሙ።
መሰላል ተከራየሁ፣ በዚህ ጉልበቴ ወጣሁ።
ካንጂ ሰማዩን እንጂ ፎቁን አላሰበም።»

ግድግዳውን ለካሁ፣ ከውጭም፣ ከውስጥም።
ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ ሒሳቡ አልገጥም።
አንድ ክንድ ከስንዝር የት ገባ?
በጣቴ መታ መታ ሳደርገው
ከውስጡ እንደ ቅል ጮኸ።
«ባዶ ነው» አልኩ።
«ኧረ ባዶ አይደለም! የእንፋሎቱ መንገድ ነው፣
በሁለቱ ግንብ መሃል ሽቅብ ይዞራል።
ክረምት ሲሆን የሰፈሩ ድመት ሁሉ
ይህንን ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትወልድ።»
እጄን አሳረፍኩበት።
ቤቱ ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ፤
ግድግዳው ለብ ይላል፣ ትኩሳቱ የበረደለት ልጅ ግንባር ይመስል።

ደብዳቤው ለሁሉም ደርሷል፣
ለጫማ ጠባቂው፣ ለፎጣ አጣቢዋ፣
በር ላይ ሎሚ ለሚሸጠው ልጅ ሳይቀር።
ፈርመዋል።
«ለውሃው ግን» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን፣
«ከሥር ነው የሚመጣው፤ ማን ሄዶ ያስፈርመው?»

ሠሪ በሚለው ላይ «ካንጂ» ብዬ ጻፍኩ፤
«እንደተነገረኝ» ብዬ አከልኩበት።
ውፍረት በሚለው ላይ ሁለት ቁጥር ጽፌ ሁለቱንም ሰረዝኩ።
ድመቶቹን የት ልጻፋቸው?
ደህና፣ መካከለኛ፣ የወደቀ፤
እርሳሴ ከሦስቱ በላይ ብዙ ቆየ።

«ጨረስክ ልጄ?»
«ጨረስኩ።»
እጄን አዩት፣ በኖራ የነጣ፤
ግማሽ ሳሙና አወጡ፣ አንድ የታጠፈ ፎጣ።
«በል ግባ» አሉኝ፣ «ቁጥር አራት ባዶ ነው።
እነሱ ሰኞ ነው የሚመጡት፤
ዛሬ ገና ዓርብ ነው።»